65 ሚሊዮን ፓውንድ የማይገዛው ነገር፦ አዲስ ፈራሚ ለምን ይቸገራል?

እኛ 2016ን በተቀበልንበት መስከረም አካባቢ ያለውን ጊዜ አስታውሱት። ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብለን አርሰናልን እያየን ነው። ኳሷ ቁጥር 29 ጋር ትደርሳለች። ገና ሳይነካት ከኋላ አንዱ «በቃ፣ ሄደች!» ይላል። ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ቁጥር 29 ኳሷን ይቀበልና ወደ ኋላ ይመልሳል። «ለዚህ ነው 65 ሚሊዮን?» ይላል ሌላው። እንደገና ሳቅ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፣ እኛም ስቀናል። ያኔ ሼር ያደረግናቸው ሚሞች አሁንም ስልካችን ውስጥ አሉ። ግን በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል አንድ ጥያቄ ሳይመለስ አለፈ። ይሄ ሰው በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ማንቸስተር ሲቲ ላይ ብቸኛዋን የማሸነፊያ ግብ ያስቆጠረ ነው። እግሩ ያው እግር ነው። ታዲያ ኳስ መጫወት በአንድ ክረምት ይጠፋል እንዴ?

አይጠፋም። ዛሬ ይህን በካይ ሃቨርትዝ ታሪክ እናያለን። የመረጥነው ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስላየነው ነው። ሲፈርም አይተናል፣ ሲሰደብ አይተናል፣ ሲዘመርለትም አይተናል። በየዝውውር መስኮቱ «ባከነ» የምንለው አዲስ ፈራሚ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያስረዳ ብዙ ሰው የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአርሰናል በፊት ምን ዓይነት ተጫዋች ነበር?

ሃቨርትዝ በ1999 ጀርመን፣ አኸን ከተማ ተወለደ። ለባየር ሌቨርኩሰን ዋና ቡድን መጫወት የጀመረው በ17 ዓመቱ ነው። በ2018/19 የውድድር ዓመት በቡንደስሊጋው ብቻ 17 ግብ ሲያስቆጥር ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር። ያኔ ቡድኑ በፍጥነት ወደ ፊት የሚሮጥ ቡድን ነው። ጨዋታው ክፍት ነው፣ ቦታ አለ፣ እሱም ነጻ ሰው ነው። ክፍተቱን አይቶ ዘግየት ብሎ ወደ ቅጣት ክልል ይገባል፣ ኳሷም ታገኘዋለች።

በ2020 ቼልሲ ወሰደው። ግንቦት 29 ቀን 2021 ፖርቶ ላይ ሜሰን ማውንት በተከላካዮቹ መሃል ሰንጥቆ የላካትን ኳስ ተከትሎ ሮጠ፣ ግብ ጠባቂውን ኤደርሰንን አለፈና አገባ። ልብ በሉ፣ ያቺም ግብ ክፍት ቦታ ላይ በሩጫ የተገኘች ናት። በቼልሲ ሦስት ዓመት ግን አንድ ቋሚ ቦታ አልነበረውም። አንዴ ከአጥቂ ጀርባ፣ አንዴ በቀኝ መስመር፣ አንዴ ደግሞ ብቻውን ፊት ላይ ይሰለፍ ነበር።

አርሰናል በሰኔ 2023 ሲያስፈርመው የተወራው ዋጋ 65 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ነበር። እኛ ደጋፊዎች ያየነው ዋጋውን ነው። የሚሰጠውን ሥራ ያየ ግን ጥቂት ነው።

ምን ሥራ ተሰጠው?

ግራኒት ዣካ ወደ ሌቨርኩሰን ሄዶ ነበር። ዣካ በ2022/23 ከግራ አማካይነት ወደ ፊት እየወጣ በሊጉ 7 ግብ ያስቆጠረበት ቦታ ባዶ ሆነ። ሚኬል አርቴታ ያንን ቦታ ለሃቨርትዝ ሰጠው።

እዚህ ጋ ትንሽ ታክቲክ እናውራ፣ አይከብድም። የአርቴታ አርሰናል ኳስ ሲይዝ ሜዳውን በቁመቱ አምስት ኮሪደር አድርጎ ይከፍለዋል። የቀኙን ጥግ ሳካ ይይዛል። የግራውን ጥግ ማርቲኔሊ ይይዛል። መሃል ላይ አጥቂው አለ። በሳካና በአጥቂው መካከል ያለው ኦዴጋርድ ነው። በማርቲኔሊና በአጥቂው መካከል ያለው ደግሞ የሃቨርትዝ ኮሪደር ነው። ከኋላ ዚንቼንኮ ከግራ ተከላካይነቱ ወደ መሃል ገብቶ ኳስ ያከፋፍላል።

ችግሩ ተጋጣሚው ነው። አብዛኛው ቡድን ከአርሰናል ጋር ሲጫወት ወደ ኋላ ተሰብስቦ አውቶቡስ ያቆማል። ስለዚህ ሃቨርትዝ ኳስ የሚቀበለው ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ፣ ሁለት ሦስት ሰው በዙሪያው ቆሞ ነው። የእሱ ጉልበት ሮጦ ክፍት ቦታ ውስጥ መግባት ነው። ክፍቱ ቦታ ግን የለም። ሥራው በጠባብ ቦታ ኳስ ተቀብሎ በአንድ ንክኪ ማቀበል፣ ወይም ሌላው እንዲያልፍ ተከላካይ ይዞ መጎተት ሆነ። ይሄ ደግሞ ቲቪ ላይ አይታይም። የሚታየው ወደ ኋላ የተመለሰው ኳስ ብቻ ነው።

በአገራችን ጭፈራ ብናስበው ይቀላል። በትከሻው እስክስታ የሚያስደምም ልጅ ወላይታ ጭፈራ መሃል አስገቡት። ልጁ መጨፈር አልረሳም። ምቱ ግን ሌላ ነው፣ የሚፈለገውም ወገብ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁሉም ወደ ግራ ሲሄድ እሱ ወደ ቀኝ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው «ይሄ ልጅ ጭፈራ አይችልም» ያሰኛል።

ሦስት ነገሮች እግር ይይዛሉ

አንደኛው ማሰብ ነው። አንድ ተጫዋች ለዓመታት የለመደውን እንቅስቃሴ አስቦ አያደርገውም፣ እግሩ ራሱ ያውቀዋል። አዲስ ቡድን ውስጥ ግን ኳሷ ከመድረሷ በፊት ማሰብ ይጀምራል፦ አሁን ልቁም ወይስ ልሩጥ? ማርቲኔሊ ወደ ውስጥ ከገባ እኔ ወደ ውጭ ልውጣ? በፕሪሚየር ሊግ ያቺ የማሰቢያ ግማሽ ሰከንድ ትልቅ ናት። እሱ አስቦ ሲጨርስ ተከላካዩ ደርሷል። እኛ «ቀርፋፋ ነው» የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው። እግሩ አልዘገየም፣ ውሳኔው ነው የዘገየው።

ሁለተኛው የሌሎቹ ዓይን ነው። ሰፈር ሜዳ ላይ የተጫወተ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ሌላ ሰፈር ሄዳችሁ ስትጫወቱ ጥሩ ሩጫ ትሮጣላችሁ፣ ኳሷ ግን አትመጣም። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። እናንተ በዚያ ሰዓት እዚያ እንደምትገኙ ስለማያውቁ ቀና ብለው አያዩም። ሃቨርትዝም በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ግቡ እየሮጠ ኳሷ በሌላ በኩል የሄደችባቸው ብዙ ጊዜያት ነበሩ። ዝውውር ሰውየውን ይገዛል። ከጓደኞቹ ጋር ያለው መግባባት ግን አብሮት አይመጣም፣ በልምምድና በጨዋታ ይሠራል።

ሦስተኛው ዋጋው ራሱ ነው። ነባር ተጫዋች ሁለት ኳስ ቢያበላሽ «ዛሬ ቀኑ አይደለም» እንላለን። 65 ሚሊዮን የተከፈለበት ቢያበላሽ «አየህ!» እንላለን። ተጫዋቹም ይሰማዋል። እንዳይሳሳት ሲጠነቀቅ ደፋር ኳስ መሞከር ይተዋል፣ ቀላሉን ወደ ኋላ ያቀብላል። እኛ ደግሞ «ለዚህ ነው ወይ?» እንላለን። አዙሪቱ እንዲህ ይቀጥላል።

በርንማውዝ ላይ የሆነው

መስከረም 30 ቀን 2023። አርሰናል ከሜዳው ውጭ በርንማውዝን እየመራ ነው። የመጀመሪያውን ፔናሊቲ አምበሉ ኦዴጋርድ አስቆጠረ። ሁለተኛው ፔናሊቲ ሲገኝ ግን ጓደኞቹ ኳሷን ይዘው ወደ ሃቨርትዝ ሄዱ። እስከዚያ ቀን ለአርሰናል አንድም ግብ አልነበረውም። መታ፣ ገባች። የቡድኑ ልጆች በሙሉ ከበው አቀፉት። ጨዋታው 4 ለ 0 አለቀ።

አንዳንዱ «ምጽዋት ነው» አለ። እኛ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን እናየዋለን። ያቺ ፔናሊቲ ከላይ ያልናቸውን ችግሮች አልፈታችም። ሃቨርትዝ ቀጣዩን የሊግ ግብ ለማግኘት እስከ ኅዳር 25 ጠብቋል፤ ብሬንትፎርድ ላይ ተቀይሮ ገብቶ በ89ኛው ደቂቃ በግንባሩ ገጭቶ አገባ። ግን መልበሻ ክፍሉ አንድ ነገር ነግሮታል፦ «አንተ የኛ ነህ፣ እንጠብቅሃለን።» የሚጠበቅ ሰው ደግሞ ስህተት ሞክሮ መማር ይችላል። ደጋፊውም ቢሆን ከዚያ በኋላ ስሙን በዘፈን ማንሳት ጀመረ። በውድ ዋጋው የተቀለደበት ሰው፣ ያው ዋጋ መዝሙሩ ውስጥ ገባለት።

ቁልፉ የት ተገኘ?

የካቲት 4 ቀን 2024 አርሰናል ሊቨርፑልን 3 ለ 1 አሸነፈ። ጋብሬል ጄሱስ ተጎድቶ ስለነበር ሃቨርትዝ ፊት ላይ ተሰለፈ። ራሱ አላስቆጠረም። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ግብ የመጣችው እሱ መትቶ አሊሰን የመለሳትን ኳስ ሳካ አግኝቶ ነው። ሁለተኛ ቢጫ አይቶ የወጣው ኮናቴም ጥፋቱን የሠራው በእሱ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። እስከዚያ ድረስ በሊጉ 4 ግብ ብቻ ነበረው። በርንሌይ፣ ኒውካስል፣ ሼፊልድ ዩናይትድ፣ ብሬንትፎርድ፦ በአራት ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች አስቆጠረ። ሚያዝያ ላይ የቀድሞ ክለቡ ቼልሲ 5 ለ 0 ሲሸነፍ ሁለቱን ያገባው እሱ ነው። በመጨረሻው ቀን ኤቨርተን ላይ በ89ኛው ደቂቃ የማሸነፊያዋን ግብ አስቆጠረ። ዋንጫውን ሲቲ በሁለት ነጥብ ልዩነት ወሰደው እንጂ ሃቨርትዝ የሊጉን ዓመት በ13 ግብ ጨረሰ። ከአሥራ ሦስቱ ዘጠኙ ከየካቲት አጋማሽ በኋላ የመጡ ናቸው።

ምን ተቀየረ? ሰውየው ያው ነው። ሥራው ግን ተቀየረ። 1 ሜትር ከ93 ቁመት አለው፤ ግብ ጠባቂው ራያ ከኋላ ረጅም ኳስ ሲልክ ፊት ላይ ታግሎ የሚያወርደው ሰው ሆነ። የተጋጣሚን የመሃል ተከላካዮች መጀመሪያ ሮጦ የሚጫነው እሱ ሆነ። በጠባቡ ኮሪደር ኳስ ተቀብሎ የመዞሩ ሥራ ለሌሎች ተሰጠ፤ የግራ አማካዩን ቦታ ብዙ ጊዜ ራይስ ያዘው። ስለዚህ ግማሹን መንገድ ተጫዋቹ ወደ ቡድኑ ሄደ። ግማሹን ደግሞ አሰልጣኙ ወደ ተጫዋቹ መጣ። ሁለቱ መሃል መንገድ ላይ ተገናኙ።

ሁሉም ግን አይሳካለትም

ይሄን ታሪክ ሰምታችሁ «እሺ፣ ሁሉም አዲስ ፈራሚ ከጠበቅነው ይመጣል ማለት ነው» እንዳትሉ። እንደዚያ አይደለም።

ጃክ ግሪሊሽ በ2021 ከአስቶን ቪላ ወደ ሲቲ በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ሄደ። ቪላ እያለ ኳስ በሙሉ ለእሱ ነበር የሚሰጠው፤ ይዞ ይሮጣል፣ ይገፋል፣ ይወድቃል። ጋርዲዮላ ደግሞ «መስመሩን ይዘህ ቁም፣ ኳስ እንዳታስነጥቅ» የሚል አሰልጣኝ ነው። የመጀመሪያ ዓመቱን በሊጉ በ3 ግብ ጨረሰ። በሁለተኛው ዓመት ግን ሲቲ ሦስት ዋንጫ ሲያነሳ ዋና ተሰላፊ ነበር። እሱ ራሱን ቀየረ፣ ግን ያ የቪላው ነጻ ግሪሊሽ ተመልሶ አልመጣም። መላመድ ዋጋ አለው።

አንቶኒ ደግሞ በ2022 ከአያክስ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የሊግ ጨዋታዎቹ አስቆጠረ። ሁላችንም «ይሄ ተላመደ» አልን። ከዚያ በኋላ በዩናይትድ ቆይታው በሊጉ ያገባው ሁለት ብቻ ነው። በ2025 መጀመሪያ በውሰት ሪያል ቤቲስ ሲሄድ ግን ወዲያው ሌላ ሰው ሆነ። ስለዚህ ጥሩ ጅማሬም ያታልላል፣ መጥፎ ጅማሬም ያታልላል።

የድሮዎቹ የአርሰናል ደጋፊዎች ደግሞ ቲየሪ ኦንሪን ያስታውሳሉ። በ1999 ከዩቬንቱስ የመጣው የመስመር ተጫዋች ሆኖ ነው። ቬንገር ወደ መሃል አጥቂነት ሲያመጣው መጀመሪያ ላይ ግብ አልመጣለትም፤ ሳውዝሃምፕተን ላይ ተቀይሮ ገብቶ የመጀመሪያዋን እስኪያገኝ ብዙ ጨዋታ ፈጅቶበታል። ያኔ ቴሌግራም ቢኖር ኖሮ ምን እንደምንጽፍበት አስቡት። ክለቡን የለቀቀው የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢው ሆኖ ነው፣ በ228 ግብ።

ታዲያ አዲስ ፈራሚን እንዴት እንየው?

በሚቀጥለው ጨዋታ እነዚህን ሞክሩ።

1. ኳስ ሳይዝ እዩት። ለአሥር ደቂቃ ኳሷን ትታችሁ እሱን ብቻ ተከተሉ። ትክክለኛ ቦታ ላይ እየተገኘ ኳስ ካልመጣለት ችግሩ የመግባባት ነው፤ ይሄ ጊዜ ይፈታዋል። ቦታውን ራሱ የማያውቀው ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው።

2. ድሮ የት እንደነበር ጠይቁ። የድሮ ቡድኑ በመልሶ ማጥቃት የሚጫወት ነበር ወይስ ኳስ የሚይዝ? የዩቲዩብ ቅንብሩ ላይ ያሉት ግቦች በሙሉ ክፍት ሜዳ ላይ ከሆኑና አዲሱ ክለቡ አውቶቡስ የሚቆምበት ከሆነ፣ መቸገሩ ሊያስገርማችሁ አይገባም።

3. የተሰጠውን ሥራ ዕወቁ። አማካይን በአጥቂ የግብ ቁጥር አትመዝኑት።

4. ከ5ኛው ጨዋታ ይልቅ ከ25ኛው በኋላ ፍረዱ። መተቸት አትችሉም አላልንም። ኳስ ያለ ትችት አይጥምም። ግን «ዛሬ ደካማ ነበር» እና «ይሄ ሰው አይረባም» አንድ አይደሉም።

ቀልዱ የት ላይ ያቆማል?

የመጨረሻውን ነገር እንንገራችሁና እንሰነባበት። ጥር 12 ቀን 2025፣ ኤምሬትስ ስታዲየም፣ ኤፍኤ ካፕ። አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ 1 ለ 1 ጨርሰው ወደ ፔናሊቲ ሄዱ። ሃቨርትዝ መታ፣ ግብ ጠባቂው ባይንድር አዳነበት። የመጨረሻዋን መትቶ ዩናይትድን ያሳለፈው ጆሽዋ ዚርክዚ ነው።

ዚርክዚ ማን ነው? በዚያው የውድድር ዓመት ከቦሎኛ የመጣ አዲስ ፈራሚ። አሰልጣኝ ተቀይሮበት፣ አጨዋወትም ተቀይሮበት ሁለት ጊዜ እንዲላመድ የተገደደ ልጅ። ከሁለት ሳምንት በፊት ኦልድትራፎርድ ላይ ከኒውካስል ጋር ሲጫወቱ በ33ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ሲወጣ የራሱ ደጋፊዎች በደስታ ጮኸውበት፣ ቀጥ ብሎ ወደ መልበሻ ክፍል ገብቶ ነበር። በ13 ቀን ውስጥ ከተጮኸበት ሰው ወደ ተዘመረለት ሰው ተለወጠ። በእነዚያ ቀናት የእግር ኳስ ችሎታው የተለወጠ ይመስላችኋል?

በሌላ በኩል ያን ማታ የሃቨርትዝ ነፍሰ ጡር ባለቤት ኢንስታግራም ላይ የደረሳትን መልእክት ለሕዝብ አሳየች። ያልተወለደ ልጃቸውን የሚያስፈራራ ነበር። ክለቡ ጉዳዩን ለፖሊስ አሳወቀ፣ በኋላም ፖሊስ አንድ ተጠርጣሪ ያዘ። የተያዘው የ17 ዓመት ልጅ ነበር።

17 ዓመት። ሃቨርትዝ ራሱ ለሌቨርኩሰን መጫወት የጀመረበት ዕድሜ ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ በዚያ ዕድሜ ላይ ናችሁ፣ እኛም ካለፍነው ብዙ አልቆየንም። ያንን መልእክት ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና አንድ የተናደደ ደቂቃ ብቻ ነው። ሁላችንም ሁለቱም አሉን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲሱ ልጅ ኳስ ሲያበላሽ ሳቁ፣ ችግር የለውም። እኛም እንስቃለን። «ሄደች!» በሉ። ግን ኮሜንት ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር አስታውሱ፦ ልጁ አሁን ምቱን እየሰማ ነው። ትንሽ ጊዜ ስጡት፣ ምናልባት ይገባበታል።

እናንተስ? «ባከነ» ብላችሁ ፈርዳችሁበት በኋላ ያሳፈራችሁ ተጫዋች ማን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።